እህቴ ሆድ አዳማጯ

ሰው ሆዱ ሲጮህበት ያፍራል። ስብሰባ መሀል ወይም ጸጥ ባለ ሊፍት ውስጥ ሆድ ድንገት ጉርርር ካለ፣ ባለቤቱ ያስላል፣ እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ ጥፋቱን ለማላከክም አጠገቡ የቆመውን ሰው ገልመጥ ያደርጋል። እህቴ ግን ይህን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ ይበራል። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሆድህ ሥራ ላይ ነው!» ትለዋለች፣ ሰውየውን አይታው የማታውቅ ብትሆንም። አውቶቡስ ላይ ስንት ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብያለሁ መሰላችሁ! ዛሬ ግን ስለ እርሷ የምጽፈው ደረቴን ነፍቼ ነው። ትሕትና የሚወድ ሰው ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ።

እህቴ ነርስ ናት። ዋና ሥራዋ ግን መርፌ መውጋት አይደለም። በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ መጋረጃዋ ከመታጠብ ብዛት የነጣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ እዚያ የጨጓራና የአንጀትን እንቅስቃሴ ትለካለች። ቀጭን ቱቦ በበሽተኛው አፍንጫ አስገብታ፣ ጨጓራውን አሳልፋ፣ ቀጭን አንጀቱ ድረስ ታወርደዋለች። ሆድ በተኮማተረ ቁጥር ቱቦው ግፊቱን ይለካና ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ከፍ ይላል። ሲያዩት ቀላል ነው። አፍንጫው ውስጥ ቱቦ የገባበትን፣ የራበውንና የተናደደውን ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ አልጋ ላይ አባብሎ ማቆየት ግን ቀላል አይደለም፤ እርሷ ከሁሉም ጋር የሆድ የሆዷን እየተጫወተች ታቆያቸዋለች። ሐኪሞቹ «ሲስተር» ይሏታል። እኔ «እትዬ» እላታለሁ። በሽተኞቿ ደግሞ «ሆድ አዳማጯ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

ሥራው የተጀመረው ግን ነርስ ከመሆኗ በፊት ነው። ልጆች ሳለን እማዬ ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆና ነበር። ሆድ ከተነካካ በኋላ አንጀት ደንግጦ ዝም ይላል፤ ሐኪሞቹም «ሆዷ እስኪሰማ ድረስ ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ» ብለው አዘዙ። እትዬ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቦርሳዋን እንዳነገተች እማዬ ዘንድ እየሄደች፣ ጆሮዋን ሆዷ አጠገብ ብርድ ልብሱ ላይ ለጥፋ ትቀመጥ ነበር። እማዬ ከንፈሯ ደርቆ «ምን ይላል?» ትላታለች። «ምንም አይልም» ትላለች እትዬ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ብድግ ብላ ኮሪደሩን እየሮጠች፣ «እማዬ ሆድ ውስጥ ሰው ቁም ሳጥን እየጎተተ ነው!» ብላ ነርሷን ጠራች። ነርሷ አዳምጣ ሳቀች፤ እማዬም በዚያው ቀን ሻይ ጠጣች፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖረችልን። እትዬ ሥራዋን ያገኘችው ያን ዕለት ነው፤ ደሞዙ ብቻ ዘገየ።

ይህን ሥራዋን የማይወድላት አባዬ ነበር። አባዬ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚመገቡበት ትልቅ አዳራሽ ዋና ሼፍ ነው። ሸሚዙ ደረት ኪስ ላይ፣ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ፣ እጀታዋ ከመያዝ ብዛት የሳሳ አንዲት ማንኪያ አለች። ከእርሱ ኩሽና ሳይቀመስ የወጣ ድስት የለም። ክዳን ሲነሳ ማንኪያዋ ትወጣለች፤ ይጨልፋል፣ እፍ ይላል፣ ይቀምሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ እኛ ሁላችን ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሌላው ሕጉ አዳራሹን ይመለከታል፤ አንድ ሰው እንኳ ሹካ ይዞ ተቀምጦ ሳለ መጥረጊያ አይነሳም። «ሰው እየበላ አቧራ?» ይላል ዓይኑን አፍጥጦ። ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው የመጨረሻውን ተመጋቢ አፍ አፉን ያያሉ።

ትልቋ ልጁ ናትና ማንኪያዋን ለእትዬ ሊያወርሳት ነበር ሐሳቡ። ምላሷ ቁርጥ የእርሱ ነው። ነርስ እሆናለሁ ስትለው ተቀየመ፤ የሆድ ነርስ መሆኗን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። «ምግብ ከጉሮሮ ከወረደ በኋላ የማንም ጉዳይ አይደለም» ይል ነበር። በዚህ ዓይነት የቤታችን ግዛት ተከፈለ፤ ከጉሮሮ በላይ የአባዬ፣ ከጉሮሮ በታች የእትዬ። እኔ ታናሿ ደግሞ፣ አባዬ ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት እየላጥኩ ድንበሩ ላይ ቀረሁ። ሰው «ትልቋ ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲለው «ሆስፒታል ናት» ይልና ወሬውን ያዞራል። ምግብ ቤት ውስጥ ስለ አንጀት አይወራማ! እትዬ ይህን እያወቀች ዝም ትላለች። እርሷ ሆደ ሰፊ ናት፤ እኔ ብሆን ኖሮ ከአባዬ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነን ነበር።

እንዲህ እንዳለን አባዬ ታመመ። ስኳር ድሮም አለበት። አሁን ግን ሁለት ጉርሻ ሳይበላ «ጠገብኩ» ማለት ጀመረ፤ ጠዋት የቀማመሰውን አመሻሹ ላይ እንዳለ ያስመልሰዋል። ሽርጡ ወገቡ ላይ እጥፍ ድርብ ሆነ። መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል እትዬ እጁን ይዛ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ።

ዶክተሩ የተረጋጋና ሳይቸኩል የሚናገር ሰው ነው። «ስኳሩ የሆድዎን ነርቮች ጎድቷል» አለው። «ጨጓራዎ መስነፉን አውቀናል። አሁን ማወቅ ያለብን አንጀትዎም አብሮት ዝም ብሏል ወይ የሚለውን ነው።»

«ዝም ካለስ?» አለ አባዬ።

«እንደዚያ ከሆነ በአፍ መመገቡ ይቀራል። ምግብዎ በደም ሥር ይሆናል።»

የአባዬ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ ማንኪያዋን ዳሰሰ። ለሌላ ሰው ምግብ በደም ሥር መውሰድ ከባድ ነገር ነው፤ ለአባዬ ግን በሕይወት እያለ ከኩሽናው መባረር ነበር።

ምርመራውን ማን ያድርግ የሚል ነገር መጣ። ዶክተሩ የገዛ አባትን መመርመር ለልብ ከባድ ነው ብሎ ሌላዋን ነርስ ሊመድብ አሰበ፤ እርሷ ግን ወልዳ ፈቃድ ላይ ናት። አባዬ ራሱ ቆረጠው። «የማያውቀኝ ሰው አፍንጫዬን አይነካም» አለ። እትዬ ቀና ብላ አየችው። ለሥራዋ የሰጣት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነበር፤ እርሷም እንደ ትልቅ ምስጋና ተቀበለችው።

በዋዜማው እቤት ተቀምጠን እትዬ ነገሩን አስረዳችን።

«ባዶ ሆድ የሚያርፍ ይመስልሃል አይደል፣ አባዬ? አያርፍም። ሞቲሊን የሚባል ሆርሞን አለ፤ ከቀጭን አንጀት መጀመሪያ ላይ ይመነጭና ‹ጥረጉ!› ይላል። ከዚያ ከጨጓራ የሚነሳ ጠንካራ መኮማተር የተረፈውን ሁሉ እየገፋ እስከ ታች ይወስደዋል። በየሰዓት ተኩሉ፣ በየሁለት ሰዓቱ ነው የሚመጣው። ሆድህ ሲጮህ የምትሰማው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው።»

«ስንበላስ?» አልኳት እኔ።

«ስንበላ ጠረጋው ይቆማል። በተለይ ቅባት አንጀትን ሲነካ ሌሎች ሆርሞኖች ይወጡና ‹ቆይ፣ ገና ሰው አለ› ይላሉ። ጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲያወርድ ያደርጋሉ፣ ሐሞትን ይጠራሉ። አባዬ ሰው በልቶ ሳይጨርስ መጥረጊያ እንደማያስነሳው ማለት ነው።»

አባዬ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። «ሆዴ ከእኔ ነዋ የተማረው!»

«እሱን ነገ እናያለን። ጠረጋው ከመጣ አንጀትህ አለ፣ ካልመጣ ደግሞ...» አለችና ቃሉን ዋጠችው። «ብቻ ባዶ ሆድህን ናልኝ። ምንም እንዳትበላ።»

«ምን፣ ሕፃን መሰልኩሽ?»

በነጋታው አባዬ ድስቶቹን ጥጄ ካልሆነ አልሄድም ብሎ ማልዶ ኩሽና ገባ፤ ሥራውን መልክ አስይዞ ሲያበቃ አብረን ሄድን። እትዬ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ጠበቀችን። ቱቦውን በአፍንጫው አስገባችለት። «ዋጥ... ዋጥ አርገው... ጎበዝ!» ስትለው፣ አባዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ በቱቦው ጎን «እኔን ጎበዝ ትለኛለች፣ እሷን ጎበዝ እያልኩ ያሳደግኩ» አለ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ ይላሉ፤ ትልቁ ማዕበል ግን የለም። እትዬ የምታውቃቸውን ቀልዶች ሁሉ አወራችለት። ቀልዱ አለቀ። ጠረጋው አልመጣም።

ዶክተሩ ገባና ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አልመጣም፣ ሲስተር» አላት።

«አልመጣም፣ ዶክተር።»

«አይዞሽ። ነገ ተሰብስበን እንነጋገራለን።»

እትዬ ውጭ ወጣች። ስከተላት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኘኋት። ስንቱን በሽተኛ አይዞህ ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን አይዞሽ የሚላት ጠፍቶ ጋዋኗን አፏ ውስጥ ከትታ ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችው። ያለኝን ሁሉ ብሰጣት በወደድኩ፤ ያለኝ ግን የሽንኩርት ሽታ ያለበት መሐረብ ብቻ ነበር። እሱን ሰጠኋት። ተናፈጠችበትና «ይሄ ደግሞ የባሰ ያስለቅሳል» ብላ በእንባዋ መሀል ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች፤ መስመሩንም ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ማየት ያዘች።

ትንሽ ቆይታ «ነይ እስኪ እዪው» አለችኝ። «ዝም ያለ አንጀት እንዲህ አይሆንም፤ መስመሩ ተኝቶ ነው የሚውለው። ይሄ አልተኛም። ደከም ያለ ነው፣ ግን ሳያቋርጥ ይፈጫል። ይሄ የበላ ሰው ሆድ ነው።» ወደ አልጋው ዞረች። «አባዬ፣ ዛሬ ምን በላህ?»

አባዬ ተቆጣ። «እንዴ! ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

«ትንሽም ብትሆን?»

«የእናታችሁን አፈር! እህል የሚባል በአፌ አልዞረም!»

አባዬ ብዙ ነገር ሊባል ይችላል፣ ውሸታም ግን አይደለም፤ በእማዬ አፈር ምሎ ደግሞ የሚዋሽበት አንደበት የለውም። ሌላ ነርስ ብትሆን እዚህ ላይ ታቆም ነበር። እትዬ ግን የዚያ ኩሽና ልጅ ናት። ዓይኗ ወንበሩ ላይ ወደተሰቀለው ሸሚዙ ሄደ፤ ከደረት ኪሱ የማንኪያዋ እጀታ ብቅ ብሏል። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ድስቶቹን ቀምሰሃል?»

«ታዲያስ!» አለ አባዬ፣ ጥያቄው ራሱ እየገረመው። «ያልተቀመሰ ድስት ላወጣ ነው?»

«ምን ምን ቀመስክ?»

«የምስሩን ሾርባ። የሥጋውን ስጎ። ቲማቲሙ ኮምጥጦብኝ ስጎውን ደገምኩት። ቅቤ ጨምሬ ሠለስኩት። ሩዙን። መረቁን... መቅመስ ደግሞ መብላት ሆነ እንዴ? እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ?»

እኔም አጠገቡ ቆሜ ስንት ጊዜ እንደቀመሰ አይቻለሁ፤ በልቷል የሚለው ነገር ግን በሐሳቤም አልመጣም። በእኛ ኩሽና ሕግ መብላት ማለት ቁጭ ብሎ፣ ሳህን ይዞ ነው። ቆሞ በማንኪያ የሚገባው ሁሉ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ከምግብ አብሳይ ቤተሰብ በቀር በማንም ላይ አይደርስም።

እትዬ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «አባዬ! በእያንዳንዷ ማንኪያ አንድ አንድ ተመጋቢ ሆድህ ውስጥ እያስቀመጥክ መጥተሃል እኮ! በዚያ ላይ በቅቤ! በዚያ ላይ ጨጓራህ ቀርፋፋ ነው፣ እስካሁን አልወጡም። ሰው ተቀምጦ ማን ይጥረግ?»

የገዛ ሕጉ ነው። «ጠራጊው በር ላይ ቆሞ ነው በይኛ» አለ አባዬ በቀጭን ድምፅ።

እትዬ ዶክተሩን ጠራችው። ነገሩን ሲሰማ በሩን ተደግፎ እስኪበቃው ሳቀ። «እኔም መድኃኒት ወስደዋል ወይ፣ ውሃ ጠጥተዋል ወይ ብያቸው ነበር፤ ሼፍ መሆናቸውን እያወቅኩ የማንኪያዋ ነገር አልመጣልኝም። በሉ፣ እንደገና እናደርገዋለን» አለ። ጠረጋው እንደሚመጣ ግን ማንም ቃል አልገባልንም። የአባዬ ገበታ ዕጣ አሁንም እዚያ ስክሪን ላይ ነበር።

ሁለተኛው ምርመራ አባዬ ከዋዜማው ጀምሮ ኩሽና ድርሽ እንዳይል አስገደደ። ጠቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው። «ድስቶቹስ?» አለ። «ማን ይቀምሳል?» ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየ። ከዚያ ማንኪያዋን ከኪሱ አወጣ፤ አያት፣ እኔን አየኝ፣ ደግሞ ማንኪያዋን አያት። «ጨው ላይ እጅሽ አይፍጠን» ብሎ ሰጠኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሽንኩርት ስልጥ የጠበቅኩት ይህን ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ብቻ ሆዴ ባሰኝና ማንኪያዋን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ እኔ ኩሽና፣ እነርሱ ሆስፒታል። ምስሩን ቀመስኩ፣ ስጎውን ቀመስኩ፣ ጨው ጨመርኩ፣ በጨመርኩት ተጸጸትኩ። ልቤ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነበር። የምሳው ሰልፍ በሩ ላይ ሲደርስ ስልኬ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጌ የድንች ጆንያው ላይ አስቀመጥኩት።

«ስሚ» አለች እትዬ፤ ሌላ ምንም አላለችም። ስልኩን ሆዱ ላይ ሳታስጠጋው አልቀረችም። መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ከዚያ ከሩቅ ተነስቶ እየቀረበ የመጣ፣ ረጅም፣ ወፍራም፣ ይሉኝታ የሌለው ጉርርርርር። ድስት አጣቢዋ «ጄኔሬተሩ ነው?» አለች። ቀጥሎ የአባዬ ድምፅ መጣ፤ «ጠራጊው ገባ! ሰማችሁ? ገባ!» ኩሽናው ሁሉ ጮኸ። ነገሩ ያልገባው እንኳ ሼፉ ደስ ካለው ብሎ ጭልፋውን በድስት ክዳን ላይ አንኳኳ።

ዶክተሩ ማዕበሉ መኖሩን፣ ግን ደካማ መሆኑን አየ። በዚያው ቱቦው ሳይወጣ አንድ የቆየ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በትንሽ መጠን ሰጠው። ይህ መድኃኒት በትንሹ ሲሰጥ ሞቲሊንን ተመስሎ ጨጓራን ይቀሰቅሳል። ቀጣዩ ማዕበል በርትቶ መጣ። የደም ሥሩ ነገር ቀረ። አባዬ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቅባት ቀንሶ በአፉ እንዲበላ ተፈቀደለት። እትዬ መስመሩን ስታይ ምን እንደተሰማት ጠየቅኳት። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» አለችኝ፤ ቀጥላም «ለእሱ ግን ቅቤ ክልክል ነው።»

ወሩ ሳያልቅ አባዬ ወደ ኩሽናው ተመለሰ። ማንኪያዋን አልመለስኩለትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም፣ ሌላ ገዛ። የተመለሰ ዕለት እትዬ ፈረቃዋን ቀይራ ለምሳ መጣች። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከአንዱ ጠረጴዛ አንድ የድሮ ደንበኛው «ሼፍ፣ እንዴት ሆኑልን? ምን ነበር ያመመዎት?» ብሎ ጠየቀው።

አባዬ እንደ ወትሮው ወሬውን የሚያዞር መስሎኝ ነበር። ጭልፋውን እንደያዘ አዳራሹ መሀል ቆመ። ስለ ጨጓራው ጀመረ። ወደ ቀጭን አንጀቱ ወረደ። ሆርሞኑ ‹ጥረጉ› ሲል በጭልፋው ከደረቱ እስከ እምብርቱ እየጠረገ አሳየ። ሰዉ ማኘኩን አቆመ። አንዲት ሴት ስጎ የነከረችበትን ዳቦ ቀስ ብላ መልሳ ሳህኗ ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ! ሰው እኮ እየበላ ነው!» አለች እትዬ፣ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ።

«ይስሙ!» አለ አባዬ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ልጄ ምን እንደምትሠራ ጠይቃችሁኝ አልነገርኳችሁም። ሆድ ታዳምጣለች! የእኔን ሆድ አዳምጣ ነው ይኼን ምሳ የምትበሉት!»

ሰዉ አጨበጨበ። እትዬ አላጨበጨበችም፤ አንገቷን ደፍታ ሳህኗን ታያለች፣ እንባዋ ሾርባው ውስጥ ጠብ ይላል። ጨው የጎደለው ሾርባ ነበር፤ ያበሰልኩት እኔ ነኝ።

አባዬ ወደ ድስቱ ተመለሰ። አዲሷን ማንኪያ አወጣ፤ ጨለፈ፣ እፍ አለ፣ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኛም እንደ ልማዳችን ትንፋሻችንን ያዝን። ዓይኑን ሲገልጥ ግን ስለ ጨው አልተናገረም። ወደ እትዬ ጠረጴዛ ዞሮ፣ ከዚያ ቀን በፊት ጠርቷት በማያውቀው ስም፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ «አንድ ማንኪያ በላሁ፣ ሲስተር!» አላት።